ክፍሉ ብርድ አልነበረም

ከፈተና ስመለስ ለእናቴ «ክፍሉ ብርድ ነበር» አልኳት። ለወንድሜም እንደዚያው። ሰኞ ሥራ ስገባ ለዶክተሯም ያንኑ ደገምኩላት፤ ያውም እጄን እያፋተግኩ። አዘነችልኝ። ሻይ አፍልታ አመጣችልኝ።

ክፍሉ ብርድ አልነበረም። እንዲያውም ምቹ ነበር። ከዚያች ውሸት ወዲህ ሁለት ወር ሙሉ «ልድገም ወይስ አልድገም» እያልኩ ዋለልኩ። አሁን ወስኛለሁ። እንዴት እንደወሰንኩ ሳስበው ግን ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከብርዱ ነው።

የተፈተንኩት ኦኤቲ የሚባለውን ነው። እዚህ አሜሪካ ኦፕቶሜትሪ ትምህርት ቤት ለመግባት የሚወሰድ ፈተና ነው። እኛ ሁሉንም «የዓይን ሐኪም» ብለን እናልፋለን፤ እዚህ ግን ሥራው ለሦስት የተከፈለ ነው። ቀዶ ጥገና የሚሠራው ኦፍታልሞሎጂስት ነው። መነጽር የሚገጥመው ኦፕቲሺያን ነው፤ የኛ አገር መነጽር ቤት በሉት። መሃል ላይ ያለው፣ ዓይን የሚመረምረው፣ የመነጽር ቁጥር የሚያወጣው፣ ግላኮማንና ስኳር ዓይን ላይ የሚያመጣውን ጣጣ ቀድሞ የሚይዘው ኦፕቶሜትሪስት ነው። ከኮሌጅ በኋላ አራት ዓመት ይማራል። አገር ቤትም ትምህርቱ አለ፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ስንት ዓመት ሙሉ ሲያስተምረው ኖሯል። እኔ ግን የምኖረው ሜሪላንድ ነው፤ ሜሪላንድ ውስጥ ደግሞ ኦፕቶሜትሪ ትምህርት ቤት የለም። ቅርቡ ፔንሲልቬንያ ነው።

ሥራዬ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ አንድ የዓይን ክሊኒክ ውስጥ ነው። ቴክኒሺያን ነኝ፤ አምስት ዓመት ሆነኝ። ዓይን ውስጥ እፍ የምትለዋን ማሽን የማስነሳው እኔ ነኝ። (ስለደነገጣችሁባት ይቅርታ።) የድሮ መነጽራችሁን ቁጥር በማሽን አነባለሁ፣ ጠብታ አደርጋለሁ፣ የኛ ሰው ሲመጣ ደግሞ አስተረጉማለሁ።

ማስተርጎሙን እወደዋለሁ። ዶክተሯ ያቺን ትልቅ የሌንስ ጭንብል ፊታቸው ላይ ታደርግና «አንድ ይሻላል ወይስ ሁለት?» ትላለች። እንደ እኛ ሰው በዚህ ጥያቄ የሚጨነቅ አላየሁም። «ሁለቱም ጥሩ ነው፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ይሏታል። ይሉኝታ ነው፤ ሌንሱን እንዳያስከፉት። አንድ ቀን አንዲት እናት ክንዴን ያዝ አደረጉና በሹክሹክታ «ልጄ፣ የሚፈለገው የትኛው ነው?» አሉኝ። መልሱን እንድነግራቸው ነው። «እማማ፣ ፈተና አይደለም፤ የታየዎትን ይናገሩ» አልኳቸው። አላመኑኝም። «ሁለት» አሉ፣ ፊቴን እያዩ።

ስቄ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ የሠራሁት ግን ልክ እሱን ነው። ያገኘሁትን ሰው ሁሉ «ልድገም ወይስ ልተወው?» እያልኩ የሚፈለገው መልስ የቱ እንደሆነ ፊታቸው ላይ ስፈልግ ከረምኩ።

ፈተናው የሚሰጠው ፕሮሜትሪክ በሚባሉት ማዕከሎች ነው። ስትገቡ ኪሳችሁን ገልብጣችሁ ታሳያላችሁ። እጅጌያችሁን ትሰበስባላችሁ። ስልክ፣ ሰዓት፣ ቦርሳ፣ ሁሉም ሎከር ውስጥ ይቆለፋል። ከዚያ ፈታሿ «መነጽርሽን» አለችኝ። አውልቄ ሰጠኋት። እጀታውን አገላብጣ አየችው፤ ካሜራ ተደብቆበት እንደሆነ ብላ ነው። እኔ ደግሞ ያለመነጽር የፈታሿ አፍንጫ የት እንዳለ እንኳ በግምት ነው። የዓይን ትምህርት ቤት ልገባ መጥቼ መጀመሪያ የተወሰደብኝ ዓይኔ መሆኑ አሳቀኝ። ለዚያ ቀን የመጨረሻዋ ሳቅ እሷ ነበረች።

መጀመሪያ የተፈጥሮ ሳይንስ ነው፤ 100 ጥያቄ በ90 ደቂቃ። 40ው ባዮሎጂ፣ 30ው ጄኔራል ኬሚስትሪ፣ 30ው ኦርጋኒክ። ቀጥሎ ንባብ፤ ሦስት ረጃጅም ጽሑፎች በአንድ ሰዓት። ከዚያ እረፍት። ከእረፍት በኋላ ፊዚክስ፣ 40 ጥያቄ በ50 ደቂቃ። መጨረሻ ላይ ሒሳብ። ምን ምን እንደመጣ እንዳልናገር ፈርሜያለሁ፤ ስለዚህ እሱን አትጠይቁኝ። ውጤቱ ግን የኔ ነው፣ እሱን እናገራለሁ። እንደጨረሳችሁ እዚያው ይነገራችኋል፤ እንደ ማትሪክ ወራት አያስጠብቅም።

ባዮሎጂ 320። ሒሳብ 310። ጄኔራል ኬሚስትሪ 300። ኦርጋኒክ 280። ንባብ 270። ፊዚክስ 260። አማካዩ 290።

ልኬቱ ከ200 እስከ 400 ነው፤ 300 መሃል ላይ ያለ ተፈታኝ ነው። ስለዚህ 290 ውድቀት አይደለም፤ ደስታም አይደለም። እንዲህ ዓይነት ውጤት ነው ሰውን የሚያሰቃየው። 240 ቢሆን ያለጥያቄ እደግም ነበር፤ 340 ቢሆን ድግስ ይደገስ ነበር። ትምህርት ቤቶቹ ያስገቧቸውን ተማሪዎች አማካይ ውጤት ያወጣሉ። አብዛኞቹ ከ300 በላይ ናቸው፤ ዝቅ ያለ ይዘው የገቡም አሉ። ያንን ሠንጠረዥ ስንት ሌሊት እንዳፈጠጥኩበት እኔና ስልኬ ነን የምናውቀው።

ደብረ ታቦር ላለው ለአክስቴ ልጅ በቴሌግራም ደወልኩለትና 290 ከ400 ማምጣቴን ነገርኩት።

«ታዲያ ከ50 በመቶ በላይ አይደል እንዴ!» አለ በደስታ።

«መነሻው እኮ 200 ነው» አልኩት።

ትንሽ ዝም አለ። «ዝም ብሎ የተቀመጠም ሰው 200 ያገኛል?»

«እንደዚያ በለው።»

«እንዲህ ያለ ፈተና ለኛ ማን በሰጠን!»

እሱ መናገር ይችላል። የ2014 ዓ.ም. 12ኛ ክፍል ተፈታኝ ነው። ውጤቱ ጥር 2015 ሲወጣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። እሱ ከ3.3ቱ ውስጥ አልነበረም። ሪሜዲያል ገባ፣ አለፈ፣ አሁን ዩኒቨርሲቲ ነው። በግል ተመዝግበው ስለደገሙት ጓደኞቹ ጠየቅኩት። «ብዙዎቹ ያንኑ ውጤት አመጡ» አለኝ። «ለምን?» ስለው ጥያቄው ገረመው። «ያንኑ ደብተር ነዋ ያነበቡት።»

ያኔ በደንብ አልሰማሁትም። የምፈልገው «ድገሚ» ወይም «ተዪ» የሚል ቃል ነበር።

ቃሉን የሚሰጥ ሰው ደግሞ አልጠፋም። ወንድሜ «ከ500 ዶላር በላይ ከፍለሽ መልሰሽ ልትጨነቂ?» አለ። ልክ ነው፤ ክፍያው እንደዚያ ነው፣ የቀረሁበት የሥራ ቀን ሳይቆጠር። ዶክተሯ «ባለሽው አመልክቺ፣ ልምድሽ ይቆጠራል» አለች። አክስቴ «ነርሲንግ ግቢ» አለች። አክስቴ ለጉንፋንም ነርሲንግ ግቢ ነው የምትለው። እኛ ሰፈር ሲልቨር ስፕሪንግ የሁሉም ነገር መድኃኒት ነርሲንግ ነው፤ ጥሩ ሥራ አይደለም ማለቴ አይደለም፣ ግን ደም ሳይ ይዞረኛል።

ሁሉም ትክክል ይመስላል። ችግሩ እሱ ነበር።

ካለመድገም ወገን ያለው ሒሳብ እንዲህ ነው። ማመልከቻው በዚህ አገር በጋ፣ በኛ ክረምት፣ ይከፈታል። ትምህርት ቤቶቹ ሁሉንም ሰብስበው በአንድ ቀን አይመርጡም፤ እየመጣ እያዩ፣ እየጠሩ፣ ወንበር እየሞሉ ነው የሚሄዱት። ዘግይቶ የመጣ ጎበዝ ቀድሞ የመጣ መካከለኛ የያዘበትን ወንበር ያጣል። ደግሞ ፊዚክስን ብቻ ነጥሎ መድገም የለም። ስትደግሙ ሙሉውን ነው። ባዮሎጂ 320ዬ ወደ 290 ብትወርድስ? የመጀመሪያውም ውጤት ተደብቆ አይቀርም፤ ከአዲሱ ጋር ያዩታል። 28 ዓመቴ ነው። አራት ዓመት ትምህርት፣ የሥራ ፈቃድ የሚያሰጠው የቦርድ ፈተናም አለ። አንድ ዓመት ሲጨመር የእናቴ ፊት ይታየኛል፤ የምትጨምረው ዓመት እኔ ላይ ሳይሆን የልጅ ልጇ ላይ ነው።

ከመድገም ወገን ያለው ደግሞ አንድ ቁጥር ብቻ ነበር። 260።

ፊዚክስ ለዚህ ሙያ የበር ዘበኛ አይደለም፤ ቤቱ ራሱ ነው። መነጽር ማለት ፊዚክስ ነው። የሚገርመው ደግሞ በእጄ አውቀዋለሁ። «ቁጥሬ ማይነስ 2 ነው» የሚል ሰው ሲመጣ 1ን ለ2 አካፍላለሁ፤ ግማሽ ሜትር። ያለመነጽር ጥርት ብሎ የሚታየው እስከዚያ ድረስ ነው። ለትልልቅ ሰዎች ስነግራቸው ሜትር አላነሳም። «ከክርንዎ እስከ ጣትዎ ጫፍ ይለኩ፤ ከአንድ ክንድ ወዲያ ያለው ይደበዝዝብዎታል» እላለሁ። ወዲያው ይገባቸዋል። ሸማ በክንድ የለካ ሰው ዳይኦፕተር፣ ማለትም የመነጽር ቁጥር መለኪያው፣ አይጠፋውም። ማይነስ 4 ሌንስ መሃሉ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ከተዛነፈ ምስሉን ወደ ጎን የሚገፋ ሁለት ፕሪዝም እንደሚወልድ፣ ባለቤቱም ራሴን አመመኝ ብሎ እንደሚመለስ አውቃለሁ። ፈተናው ግን ከብርሃን በፊት ብዙ ነገር ይጠይቃል። እንቅስቃሴ፣ ጉልበት፣ ሽክርክሪት፣ ፈሳሽ፣ የኤሌክትሪክ ዑደት። እዚያ ጋ ነው የቀረሁት።

ማመልከቻው ላይ «ለምን ይህን ሙያ መረጥሽ» የሚል ድርሰትም አለ። እሱን ቀድሜ ጽፌው ነበር። ስለ አያቴ ነው። ጋይንት ገጠር ነበር የምትኖረው። ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ እየበቀለ ዓይኗን ይወጋት ነበር። እኔ የሰባትና የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ ፀሐይ ላይ ታስቀምጠኝና ወረንጦውን ትሰጠኛለች። «ያንቺ ዓይን ብርሃን ነው፣ ንቀይልኝ» ትላለች። አንድ በአንድ እነቅላለሁ። በየሳምንቱ መልሶ ይበቅላል። «የዓይን ፀጉር ነው» ይባል ነበር፤ ልክ እንደ እርጅና፣ እንደ ሽበት። ከትራኮማ የሚመጣ መሆኑን፣ ትሪኪያሲስ የሚባል ስም እንዳለው፣ አጭር ቀዶ ጥገና እንደሚያቃናው የሰማሁት እዚህ መጥቼ ኮሌጅ ውስጥ ነው። ዓለም ላይ ትራኮማ እንደ ኢትዮጵያ የበዛበት አገር እንደሌለም መምህሩ በስላይድ ሲያሳይ ነው ያወቅኩት። ስላይዱ ላይ ያለችውን ሴትዮ ዓይን ሳይ እጄ ወረንጦ ፈለገ።

ድርሰቱ ጥሩ ነበር። ሰዎች አለቀሱ። ግን 260ን ካየሁ በኋላ መልሼ ሳነበው አፈርኩ። አያቴን ልኬ ለፊዚክስ እንድትለምንልኝ ያደረግኩ መሰለኝ።

አሁን ስለ ጎረቤታችን ልንገራችሁ። ወሎ ውስጥ 18 ዓመት ፊዚክስ ያስተማሩ ሰው ናቸው። አሁን ዲሲ መሃል ከተማ አንድ የፓርኪንግ ሕንፃ ውስጥ የማታ ሺፍት ይሠራሉ። እኛ ቤት ቡና ሊጠጡ መጥተው ስለ ፈተናው ሲነሳ እናቴ ቀደም ብላ «ክፍሉ ብርድ ሆኖባት ነው እንጂ» አለች። እሳቸው ስኒያቸውን አስቀመጡ።

«ፊዚክሱ ስንት ጥያቄ ነበር?» አሉኝ።

«40።»

«ስንቱን ገምተሽ መለስሽ?»

«ጥቂት ናቸው ጋሼ።»

«ቁጥር ንገሪኝ።»

አሰብኩ። የተሳሳተ መልስ ነጥብ አያስቀንስም፤ ስለዚህ ሰዓቱ ሲያልቅ ሁሉንም ነክቼ ነው የወጣሁት። ቆጠርኩ። «አሥራ ሰባት» አልኩ። ለራሴም የመጀመሪያዬ ነበር ቁጥሩን ስሰማው።

«እንግዲያው አልተፈተንሽም» አሉ። «ሎተሪ ቆርጠሽ ነው የመጣሽው።»

እናቴ ቅር ብሏት ፈንዲሻውን ወደሳቸው ገፋ አደረገች። እኔ ግን አልተቀየምኩም። ማታ ክፍሌ ገብቼ ከፈተናው በፊት ቤት ውስጥ የሠራኋቸውን ሦስት የልምምድ ፈተናዎች አወጣሁ። ሰዓት ይዤ የሠራኋቸው ናቸው። አማካዮቹ 285፣ 290፣ 290። ፊዚክስ በሦስቱም ከሁሉም ዝቅ ያለው ነው። ይኸው ነው። የፈተናው ቀን ምንም አልሆንኩም። ያለኝን ይዤ ሄድኩ፣ ያለኝን ሰጡኝ።

ብርዱን ለምን እንደፈጠርኩት ያኔ ገባኝ። ብርድ ከነበረ መድገም ቀላል ነው፤ ሹራብ ደርቤ እሄዳለሁ፣ በቃ። ብርድ ካልነበረ ግን መድገም ማለት ሌላ ሰው ሆኖ መሄድ ነው። ወራት ነው። የአክስቴ ልጅ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነግሮኝ ነበር፤ ያንኑ ደብተር። በእርግጥ የኔ ለሁሉም አይሠራም። ቤት ውስጥ 320 ሲያመጣ ከርሞ የዚያን ቀን 290 ያገኘ ሰው ችግሩ ደብተሩ ላይ አይደለም፤ እሱ ቢተኛና ቁርስ በልቶ ቢደግም ይበቃዋል። እኔ እንደዚያ ነኝ ብዬ ሁለት ወር ሰውን አስቸገርኩ።

ስለዚህ የምጠይቀውን ጥያቄ ለወጥኩ። «ልድገም ወይ» ማለቱን ትቼ «ደብተሩን መቀየር እችላለሁ ወይ» አልኩ። ይኼኛው ጥያቄ መልስ አለው፤ ሰውም መጠየቅ አያስፈልገውም።

ጋሼን ጠየቅኳቸው። መልሱን ሳይሆን እንዲያስተምሩኝ ነው። «ቅዳሜ ማታ ና ብለው ያዘዙኝ ቦታ ድረስ መምጣት ከቻልሽ» አሉ። እሄዳለሁ። ያቺ የመስታወት ክፍላቸው ለሁለት ሰው ጠባብ ናት። አንድ ትንሽ ማሞቂያ፣ የገንዘብ መሳቢያ፣ እሳቸው ከቤት ያመጡት ነጭ ሰሌዳ። ከእኩለ ሌሊት በፊት መኪና ብዙ አይወጣም። አንዱ ሲወርድ ያቺን ጠመዝማዛ መውረጃ ዞሮ ዞሮ ነው የሚመጣው።

«ይኼ መኪና ለምን ግድግዳው ውስጥ አይገባም?» አሉኝ የመጀመሪያው ቀን።

«ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል ስለ...»

«ማነው የሚገፋው? አሳዪኝ።»

መስታወቱን አሻግሬ አየሁ። የሚገፋ ማንም የለም። ጎማውና ሲሚንቶው ብቻ አሉ። ፍሪክሽን ወደ መሃል እየጎተተው ነው። ይህን ኮሌጅ ውስጥ ተምሬ ኤ አግኝቼበታለሁ። ቀመሩን ነው የተማርኩት ለካ። ባለመኪናው መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ከፈለና ሁለታችንም እንደዚያ አፍጥጠን ስናየው ግራ ገብቶት ሄደ።

ንባቡን ለብቻዬ ይዤዋለሁ። 14 ዓመቴ ላይ ነው የመጣሁት፤ እንግሊዝኛ አልቸገረኝም፣ ፍጥነቱ ነው። ጠዋት አውቶቡስ ላይ ሰዓት ይዤ አንድ የሳይንስ ጽሑፍ አነባለሁ። አሰልቺውን እመርጣለሁ፤ ፈተናው ላይ የሚጥም ነገር አይጠበቅም።

ቀኑን ለመስከረም መጨረሻ ያዝኩ፣ ከፈልኩ። ማመልከቻዬ ከቀዳሚዎቹ ጋር አይገባም። ዘንድሮ ካልሆነ ለሚቀጥለው ዓመት ይሆናል። ባዮሎጂዬም ልትወርድ ትችላለች። 260 ይዤ ገብቼ አንደኛ ዓመት ላይ ኦፕቲክስ ቢጥለኝ ግን የዚያ ክፍያ 500 ዶላር አይሆንም። ድርሰቱን እንደገና እየጻፍኩት ነው። አያቴ አለችበት፤ ግን ሦስት መስመር ነች። ቀሪው ስለ ክንድና ስለ ግማሽ ሜትር ነው።

ያለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ አልጋዬ ላይ አዲስ ሹራብ ተዘርግቶ አገኘሁ። ወፍራም፣ ግራጫ፣ እስከ አገጭ የሚደርስ። እናቴ በሩ ላይ ቆማለች።

«ለፈተናው ነው» አለች። «ዘንድሮ እንዳይበርድሽ።»

«እማዬ» አልኳት፣ «ክፍሉ እኮ ብርድ አልነበረም። ፊዚክስ አልሠራሁም ነበር።»

ሹራቡን አየችው። እኔን አየችኝ።

«ታዲያ ልመልሰው? ደረሰኙ አለኝ።»

አነሳሁትና አገላበጥኩት። ኪስ የለውም። ለፍተሻው ይመቻል።

«አይ፣ ይቀመጥ» አልኳት።